ገመዱ የተነቀለ ቀን

የተቃጠለ የዲናሞ ቫርኒሽ ሽታ ጣፋጭ ነው። የማያውቅ ሰው ጎረቤት ስኳር ያሳረረ ይመስለዋል። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ዲናሞ ስጠቀልል የኖርኩ ሴት ስለሆንኩ ከመንገድ ማዶ እለየዋለሁ። ባለፈው ማክሰኞ መካኒሳ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ወደ ታክሲ መያዣው ስወርድ፣ ከአንድ ጋራዥ በር ይኸው ሽታ ወጥቶ አፍንጫዬን ያዘው። እግሬ እዚያው ቆመ። ከኋላዬ ትመጣ የነበረች ልጅ ልትገጨኝ ጥቂት ሲቀራት፣ "እማማ፣ ደህና ነዎት?" አለችኝ። "ደህና ነኝ" አልኳት። ደህና አልነበርኩም። ይህን "ደህና" የሚሉትን ቃል ያለ ቦታው መናገር የጀመርኩት ደግሞ ዛሬ አይደለም። አንድ ቀን ተናግሬው የወንድሜን እግር አስከፍሎናል።

ሽታው እንዲያ የጠናብኝ ሰኞ ዕለት ታፈሰ ስለደወለልኝ ነው። ታፈሰ ታናሼ ነው፤ ሰባ ሊሞላው ሁለት ዓመት ይቀረዋል፣ በግራ እግሩ ያነክሳል፣ የሚኖረው ፉሪ ነው። "እትዬ፣ ቅዳሜ ነይልኝ" አለ። "ሁለት ትንንሽ ዲናሞ አስመጥቻለሁ፤ አንዱን ትመርጪልኛለሽ።" መኪና እንደሌለው አውቃለሁ። "ለምኑ ነው?" አልኩት። "ለምን ይመስልሻል?" ብሎ ሳቀ። ያን ሳቅ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልሰማሁትም ነበር። ስልኩን ዘግቼ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ታናሼ እንደገና አውሮፕላን ሠርቷል።

የመጀመሪያውን የሠራበትን ጊዜ እንዲህ ነው ብዬ በቁጥር አልናገርም። የቀበሌው የግዴታ ስብሰባ ከቀረ በኋላ፣ ኮንዶሚኒየሙ ከመምጣቱ በፊት ነው። ባለቤቴ ኃይሉ እና እኔ መካኒሳ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይተን፣ በሩ ላይ "ዲናሞና ሞተሪኖ እንጠቀልላለን" ብለን በቀይ ቀለም ጽፈን ነበር። ጽሑፉ ወደ ታች እየወረደ ይሄዳል፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከጎፋ እስከ እኛ በውይይት ታክሲ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ መምጣት ሃምሳ ሳንቲም ነበር። ሻይ ሃያ አምስት፣ ቦምቦሊኖ ሃያ አምስት፤ በሃምሳ ሳንቲም የጠገበ ሰው ነበረ ብል ዛሬ የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል። ኃይሉ ሰማያዊ ቱታ ይለብሳል፤ እኔ ቀሚሴ ላይ የእሱን አሮጌ ኮት ደርቤ፣ ናይለን ሻሽ አስሬ፣ ኮንጎ ጫማ አድርጌ ከሽቦው ጋር ስታገል እውላለሁ። ከመንገዱ ማዶ ካሴት የሚሸጥ ሱቅ ነበረ፣ ባለቤቱ አንድ ዘፈን ከወደደ ሰፈሩ እስኪታመም ያጫውተዋል። የመዳቡን ሽቦ ዙር በዚያ ዘፈን ምት እቆጥር ነበርና እስከ ዛሬ ዘፈኑን ስሰማ ጣቴ ይዞራል። "ሴት የጠቀለለችው ዲናሞ" እያሉ የሚያሾፉ ሾፌሮች መጀመሪያ ብዙ ነበሩ። ኋላ ኋላ ግን ከእኔ በቀር ኃይሉንም አናስነካም አሉ። እሱ አልቀየመም፤ ሞተር የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ይዞ ዲናሞውን ለእኔ ተወልኝ።

ዲናሞ ማለት፣ ለማያውቅ ልንገረው፣ ሞተሩ ሲዞር ቺንጋ በሚባለው ቀበቶ አብሮ እየዞረ ባትሪውን የሚሞላው ዕቃ ነው። በእኛ ሰፈር የተጠገነ ዲናሞ ደህና መሆኑ የሚታወቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነበር። ሞተሩ ተነስቶ እየሠራ ሳለ የባትሪው ገመድ ይነቀላል። ሞተሩ ከጠፋ ዲናሞው ሌባ ነው፤ ካልጠፋ ዲናሞው ብቻውን መኪናውን ተሸክሞታልና ባለ መኪናው እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። ገመዱ ሲነቀል ሳያይ የሚከፍል ሰው አልነበረም። ሥነ ሥርዓትም ነበረው፤ ሰው ይሰበሰባል፣ ሻይ ጠጪው ብርጭቆውን ይዞ ይመጣል፣ እኔ ገመዱን ጨብጬ ጥቂት አስጠብቃቸዋለሁ። ያችን ጥቂት ጊዜ እወዳት ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። የድሮው ከባድ ዲናሞ ይህን ይችለዋል። ትንሹ ዲናሞ ግን ሆዱ ውስጥ ዳዮድ የሚባሉ ስስ ነገሮች አሉት፤ ባትሪው በድንገት ሲነቀልበት መሄጃ ያጣው ኃይል እነሱኑ ይመታቸዋል። ዛሬ ይህን ማንኛውም የቴክኒክ ተማሪ ያውቀዋል። ያኔ እኛ ዘንድ የሚያውቅ አልነበረም።

ታፈሰ ያን ጊዜ ጎፋ አልጋና ቁምሳጥን ይሠራ ነበር። ከዚያ በፊት በወጣትነቱ ቆላ ወርዶ በአንድ የጥጥ እርሻ ሲሠራ፣ መድኃኒት ለሚረጩት ትንንሽ አውሮፕላኖች ቤንዚን ቀጂ ነበር። ወባውን ይዞ ሲመለስ አውሮፕላኑንም በጭንቅላቱ ይዞ ተመለሰ። ወባው ለቀቀው፣ ይኼኛው አልለቀቀውም። ግቢው ውስጥ ካልተሸጡት አልጋዎች ጎን ክንፍ መሥራት ጀመረ፤ አጥንቱ ዋንዛ፣ ልብሱ አቡጀዴ፣ በላዩ ቫርኒሽ። ሞተሩን ያገኘው ሞተሯ ከኋላ ከሆነው ከዚያች ጀርባዋ ክብ ትንሽ የጀርመን መኪና ነው። መኪናዋ ገደል ገብታ ባለቤቷ ሞቶባት ነበር። ጎረቤቶቹ ይህን ሲሰሙ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ አንዲት ባልቴትማ "የሟች ሞተር ወደ ጌታው ይጎትታል" ብላ በሩ ላይ ቆማ ተናገረች። እኔ ሳቅሁባት። ፈቃድ ሊጠይቅ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፤ እሺም እምቢም ያለው የለም፣ "ተመለስ" ብቻ ይሉታል።

ሲጨርስ የቀረው ዲናሞ ብቻ ነበር። የሞተሩ የራሱ ዲናሞ ስምንት ኪሎ ይመዝናል፤ ያንን ያወቅነው ሽንኩርት በምትሸጠው ጎረቤታችን ሚዛን ላይ አስቀምጠን ነው፣ ሴትዮዋ ሚዛኔን በግራሶ ለቀለቃችሁብኝ ብላ ሳምንት አኮረፈችን። ሁለተኛው ከሚኒባስ የወጣ፣ ስድስት ኪሎ ገደማ። ሦስተኛው ከአንዲት ትንሽ የእርሻ ትራክተር የወጣ፣ ጥቅል ጎመን የምታህል፣ ሦስት ኪሎ ከምናምን። የሽቦ ጥቅሏ ግን ተቃጥሎ ነበር። ታፈሰ ዓይኑን ከእሷ አላነሳም። "ከዚህ ላይ አንድ ኪሎ ስቀንስ አንድ ኪሎ ቤንዚን እጭናለሁ፣ እትዬ" አለ። ኃይሉ ቱታው ላይ እጁን እየጠረገ፣ "ከባዱን እሰር። ከባድ የሚያውቁት ነው" አለው። እንግዲህ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። መራጯ እኔ ነበርኩ። ትንሿን መረጥኩ፤ ቀላል ስለሆነች ብዬ ነበር የተናገርኩት። እውነቱን ለመናገር የእኔ እጅ የጠቀለለው ነገር ሲበር ማየት ስለፈለግሁ ነው።

ሦስት ቀን ጠቀለልኳት። ለባትሪው የሚሄደውን ኃይል የምትመጥነውን ሬጉሌተር አዲስ ገዛን። ካርቶኗ ውስጥ አንዲት ወረቀት ነበረች፤ በማናውቀው ቋንቋ ተጽፎባት፣ ከጽሑፉ በታች ባትሪ ተስሏል፣ ከባትሪው ላይ እየተነሳ ያለ ገመድ ተስሏል፣ በገመዱ ላይ ትልቅ ኤክስ። አየኋት። በእሷው የጣቴን ቫርኒሽ ጠርጌ ጣልኳት።

የሙከራው ቀን እሑድ ነበር። ታፈሰ አልጋዎቹን ግቢው ውስጥ ደርድሮ ሰው ሁሉ ባልተሸጠ አልጋ ላይ ተቀምጧል፤ ነጭ ነጠላ የለበሱ እናቶች፣ ሸሚዛቸውን ጂንስ ውስጥ የከተቱ ጎረምሶች፣ የጋራዥ ሰዎች። ደጉ የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር፣ ሰፈሩ ቃሉን የሚሰማው ሰው፣ እጁን አጣጥፎ ከፊት ቆሟል። ሞተሩ ተነሳ። ግቢው ተንቀጠቀጠ፣ አቧራ ተነሳ፣ የሰው ነጠላ ተርገበገበ። ደጉ፣ "ገመዱ ይነቀላ" አለ። እንግዲህ ይህ ትእዛዝ አልነበረም፤ ወጉ ነው። ገመዱን ጨበጥኩ፣ እንደ ልማዴ ጥቂት አስጠበቅኋቸው፣ ነቀልኩት። ሞተሩ አልጠፋም። ጭብጨባ፣ እልልታ። ገመዱን መልሼ አስሬ፣ ሞተሩ ከቆመ በኋላ እንደ ሁልጊዜዬ ጎንበስ ብዬ ዲናሞዋን አሸተትኩ። ሽታዋ ጣፈጠኝ። በጣም ትንሽ ሽታ ናት፣ አንድ ጊዜ ብቻ። አዲሱ ቫርኒሼ እየደረቀ ይሆናል አልኩ በሆዴ። የሚደርቅና የሚቃጠል ቫርኒሽ ሽታቸው እንደማይገናኝ አሳምሬ አውቃለሁ። ቀና ስል ያ ሁሉ ሰው ያየኛል። "ሴት የጠቀለለችው" ይሉ የነበሩት ሰዎች ናቸው የሚያጨበጭቡት። ይሉኝታ ያዘኝ፤ ኩራትም ያዘኝ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲይዙ ደግሞ አፍ አያስከፍቱም። ታፈሰ ከሞተሩ ወዲያ ማዶ ቆሞ፣ "እንዴት ናት፣ እትዬ?" አለኝ። "ደህና ናት" አልኩ።

በሳምንቱ ደጉ አውሮፕላኗን በመኪናው ጭኖ ፉሪ አደረሳት። ፉሪ ያኔ ሜዳ ነበር፤ ጤፉ ታጭዶ ገለባው ቢጫ ሆኖ፣ ዳር ዳሩን ባሕር ዛፍ፣ ከዚያ ወዲያ ጭር ያለ። ዛሬ ያንን ሜዳ የሚያውቅ ሰው ቦታውን ቢፈልግ አያገኘውም፤ ፎቅ ነው፣ አጥር ነው፣ የብሎኬት ማምረቻ ነው። ታፈሰ ከጓደኛው የተዋሰውን ቡናማ የቆዳ ጃኬት ለብሶ፣ እኔ የሠራሁለትን አረንጓዴ የአንገት ሹራብ ጠምጥሟል። ሳይገባ በፊት ጉንጬን ሳመኝ። ጉንጩ ቀዝቅዞ ነበር። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ደጉ አጠገባችን ቆሞ ነበር፣ ዘጋሁት። ተነሳች። እውነት ተነሳች። ከባሕር ዛፉ በላይ ወጥታ አንድ ዙር ዞረች፣ ሁለት ዞረች፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ሰብሮ ያያል። ሦስተኛውን ስትጀምር የሞተሩ ድምፅ አንድ ሁለቴ ታነቀና ቀጥ አለ። ደጉ በአድናቆት ራሱን እየነቀነቀ፣ "ሞተሩን አጥፍቶ እየተንሳፈፈ ነው፣ እዩት" አለ። ሰዉ አጨበጨበ። የሚያጨበጭቡለት ነገር ምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ዲናሞዋ ባትሪውን መሙላት ትታ ትመጠምጠው ነበር፤ ባትሪው ሲያልቅ ሞተሩ እሳት አጣ።

ደረቅ ጅረት ውስጥ ነው የወደቀው። በሕይወት ነበረ፣ እግሩ ብቻ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ቃሬዛ ስላልነበረ አንዱን ክንፍ ገንጥለው በዚያ ተሸክመውት ወጡ፤ አቡጀዴው ላይ የተኛበት ቦታ በላብ ረጥቦ ታየኝ። ሐኪም ቤት የጠየቀውን ሁሉ "ቤንዚን አለቀብኝ" አለ። ሰፈሩም ይህንኑ ያዘ፣ እስከ ዛሬም ቤንዚን ያለቀበት ታፈሰ ይሉታል። እኔ ግን ስብርባሪው አጠገብ ስቆም ቤንዚኑ ከጋኑ እየተንጠባጠበ አፈሩን ሲያርሰው አይቻለሁ። ኃይሉም አይቷል። ዲናሞዋን ፈትቶ በጆንያ ጠቅልሎ ወሰዳት፣ የት እንዳደረሳት አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልነገረኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን የባትሪ ገመድ እንዲነቀል አልፈቀደም። ደንበኞቻችን "ምን ደብቀው ነው?" እያሉ አንድ በአንድ ሄዱብን። ኃይሉ ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሞተ። ዝምታው ከስድብ ይከብዳል።

ቅዳሜ ፉሪ የደረስኩት እንግዶቹ ሳይመጡ ነው። እንግዳ መኖሩን ያወቅሁት ግቢው ውስጥ የዕድሩ ድንኳን ተተክሎ ሳይ ነው። አውሮፕላኗ ከድንኳኑ አጠገብ ቆማለች። ከፊተኛይቱ ታምራለች። ሞተሩ ግን ያው የሟቹ ሞተር ነው፤ ይህን ሁሉ ዓመት በላስቲክ ጠቅልሎ አልጋው ሥር ነበር ያስቀመጠው። "ከየት ልትነሳ ነው? ሜዳው አልቋል እኮ" አልኩት። "ከከተማ ወጣ ብሎ አይቻለሁ" አለ። "ፈቃዱስ?" "ተጠይቋል።" ተጠይቋል ማለት ተፈቅዷል ማለት አይደለም። ሁለቱ ዲናሞዎች ጠረጴዛ ላይ በንጹህ ጨርቅ ተሸፍነው ተቀምጠዋል። እንዳላያቸው ፊቴን አዞርኩ።

"ታፈሰ" አልኩት። "ያን ጊዜ ቤንዚን አላለቀም።"

"አላለቀም" አለ።

"ዲናሞዋ ናት። ገመዱን ስነቅለው ተቃጥላለች። ሸትቶኝ ነበር። ሸትቶኝ ነው ደህና ናት ያልኩህ።" ከሠላሳ ዓመት በላይ ይህን ቃል ተሸክሜ ጀርባዬ ጎብጧል፤ ሰው እርጅና ይለዋል።

እሱ የጠረጴዛውን ጨርቅ ጫፍ እያጠፈ፣ "አውቃለሁ" አለኝ። "ስታሸቺያት ፊትሽን አየሁት። እናታችን ወጥ ስታሳርር ታደርጊው የነበረውን ፊት ነው ያደረግሽው።"

"አይተህ ነው የበረርከው?"

"አይቼ ነው።"

"ለምን አልተናገርክም ታዲያ?"

"ሰው ነበረ፣ እትዬ" አለ።

ልምታው ወይ ልቀፈው አላወቅሁም። ለአንድ ሰፈር ሰው ብለን፣ ግማሹ ዛሬ አፈር ለለበሰ ሰው ብለን፣ እሱ እግሩን እኔ እንቅልፌን ሰጠን። "ዛሬም እኮ ሰው ጠርተሃል" አልኩት። ይህን ስል በሩ ተንኳኳ።

ገቡ። ዕድርተኞቹ፣ ጡረተኞቹ፣ ስልካቸውን አውጥተው የሚቀርጹ የሰፈር ልጆች። ደጉ ዛሬ በከዘራ ነው የሚሄደው፣ ጆሮው ከብዷል፤ እንደ ድሮው ግን ከፊት ቆመ። ታፈሰ ጨርቁን አነሳ። ሁለቱም ትንንሽ ናቸው፣ አንዷ ከዚያችኛዋም ታንሳለች። "እትዬ ትመርጣለች" አለ። ጎንበስ አልኩ። የመጀመሪያዋን አሸተትኩ፦ ንጹህ ዘይት። ሁለተኛዋን አሸተትኩ፦ ዘይትና አዲስ ቀለም። በጣቴ አዞርኳቸው፤ የሚዞሩበት ኩችኔታ እንደ ቅቤ ነው፣ ድምፅ የለውም። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ደህና ዲናሞ ነክቼ አላውቅም። ቀና አልኩ። ያ ሁሉ ሰው ያየኛል።

"ሁለቱም ተቃጥለዋል" አልኩ።

አንድ ጎልማሳ፣ "እማማ፣ አዲስ ናቸው እኮ፣ ካርቶናቸው ይኸው" አለ። ደጉ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ "ምን አለች?" ይላል። ታፈሰ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ ፊቴን አየው፣ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጨርቁን መልሶ አለበሳቸው። "እትዬ ተቃጥሏል ካለች ተቃጥሏል" አለ። "ምሳ ቀርቧል፣ ኑ እንብላ።" ሰዉም እያጉረመረመ በላ።

ሊመሽ ሲል ታክሲ መያዣው ድረስ ሸኘኝ፣ በቀስታ፣ እሱ በእግሩ እኔ በጀርባዬ። መንገዱ ዳር ቆምን።

"ዛሬም ፊትሽን አየሁት፤ ያረረ ወጥ ያሸተተ ፊት አልነበረም" አለኝ።

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"ሰው ነበረ።"

ሚኒባሱ ከሩቅ መብራቱን አበራ። ረዳቱ "መካኒሳ፣ መካኒሳ" እያለ ይጣራል። ታፈሰ ክንዴን ደግፎ ወደ በሩ አስጠጋኝና ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ "ከፋሲካ በኋላ ጠርቼሽ እንደገና ታሸቺልኛለሽ" አለ። "ያን ቀን ማንንም አልጠራም። አንቺና እኔ ብቻ ነን።"